በግንቦት ያየነው የባሕር ዳርቻ ቤት

ጎረቤቴ «ባሕር ዳር ቤት ልትገዙ ነው አሉ» ስትለኝ የጣናዋን ከተማ መስሏት ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። መጋቢት ውስጥ አንድ እሑድ ልጃችን ከአሜሪካ ቪዲዮ ላከልን። ነጭ አሸዋ፣ የኮኮናት ዛፍ፣ መዋኛ ገንዳ፣ ከዚያ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ፣ በረንዳው ላይ ደግሞ ሁለት ወንበር። ቦታው ኬንያ ነው፤ ከሞምባሳ በስተደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዲያኒ የሚባል የባሕር ዳርቻ። «ወንበሮቹ ያንቺና የአባዬ ናቸው» አለኝ። ቀጥሎም ቅድሚያ ክፍያውን በዚያው ሳምንት ካስገባ ቅናሽ እንደሚያገኝ ነገረኝ።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ላስረዳ። ሁለት ልጆች አሉን። ወንዱ አሜሪካ ነው፣ ሴቷ አውሮፓ። እኔና ባለቤቴ እሷ ጋ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ቪዛ ጠይቀን ሁለት ጊዜ ተመልሰናል። እነሱ አዲስ አበባ ሲመጡ ደግሞ ያልደረሱት ለቅሶ፣ ያልጠየቁት ዘመድ፣ ያልበሉበት ቤት ስለሚበዛ ሦስት ሳምንቱ በእንግዳ ያልቃል። የልጅ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ከእኔ ጋር ብቻዋን የተቀመጠችበትን ሰዓት ብደምረው አንድ ሙሉ ቀን የሚሞላ አይመስለኝም። ልጄ ያሰበው ሁላችንም የምንደርስበት፣ ማንም ደውሎ «መጥተናል» የማይለን ቦታ ነው። ኬንያ ደግሞ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ቪዛ አትጠይቅም። እሱ በአሜሪካ ፓስፖርቱ አስቀድሞ በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ማውጣት አለበት። እኛ ግን ተነሥተን መሄድ ነው። በሕይወቴ ከልጆቼ ይልቅ ለእኔ የቀለለኝ ድንበር ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ገንዘቡ የልጆቹ ነው፤ በጡረታ ብር ውጭ አገር ቤት አይገዛም። ቢሆንም «ሳላየው አንድ ሳንቲም እንዳትልክ» አልኩት። ለ34 ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ ታማሚን በፎቶግራፍ መርምሬ አላውቅም። አባቴ ነፍሳቸውን ይማረውና «ቤት የሚገዛ ሰው በነሐሴ ይየው» ይሉ ነበር። በጥቅምት የማያምር ቤት የለም። በኬንያ የባሕር ጠረፍ ነሐሴን የሚተካው የፈረንጆቹ ሜይ ነው፤ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ የሚበረታበት፣ ቱሪስት የሚጠፋበት፣ አንዳንድ ሆቴሎችም ለጥገና የሚዘጉበት ወር። ልጄ «በዝናብ ምን ታያላችሁ?» ሲል ተቃወመኝ። «ዝናቡን ነዋ» አልኩት።

ከጉዞው በፊት ያደረግነውን እንደኔ ዕድሜ ለገፉ አንባቢዎች በአጭሩ ልንገር። ኬንያ ለመግባት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልገናል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ግን ዕድሜው ከ60 ያለፈና ተከትቦ የማያውቅ ሰው ዝም ብሎ ክንዱን መስጠት የለበትም፤ በዚህ ዕድሜ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ከፍ ስለሚል መጀመሪያ ሐኪም ያማክር። እኛ በወጣትነታችን የተከተብንበት ካርድ ነበረን። ሁለተኛው ወባ ነው። ሞምባሳና ዙሪያዋ ወባማ ናቸው። እኛ የደጋ ሰዎች ደግሞ ወባ ቢይዘን እንደ አገሩ ሰው የምንቋቋምበት የመከላከያ አቅም የለንም። የመከላከያ ኪኒን በሐኪም አስጻፍን፤ አጎበር ያዝን። የደም ግፊት መለኪያዬን ደግሞ ያለ እሱ ገበያም አልሄድ።

ከቦሌ ሞምባሳ ቀጥታ በረራ አለ፤ ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። ከአውሮፕላኑ በር ስንወጣ የተቀበለን አየር አክንባሎ ሲነሣ ፊት ላይ የሚመጣውን እንፋሎት ይመስላል። ባለቤቴ ኮቱን ለብሶ ነበር። የሞምባሳ መሐል ከተማ ደሴት ስለሆነ ወደ ደቡብ ለመሻገር ሊኮኒ ላይ ትልቅ ጀልባ ይያዛል። እግረኛ በነፃ፣ መኪና እየከፈለ ነው የሚሻገረው። ሕዝቡ፣ ጋሪው፣ ዶሮው፣ የትምህርት ቤት ልጁ ሁሉ በአንድ ላይ ሲፈስ መርካቶ ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። እኔ ሰዓት ይዣለሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተን ያረፍንበት ቤት እስክንደርስ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጀብን። ስንመለስ በዶንጎ ኩንዱ በኩል ጀልባ ሳይነካ በሚያዞረው አዲስ መንገድ መጥተን በግማሽ ሰዓቱ ደርሰናል። ሻጩ ስለ ሁለቱም መንገድ አልነገረንም፤ «ከአውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ» ብሎ ነው ያለፈው።

ሁለት ሳምንት ለመቆየት ከአንዲት አሮጊት የግቢ ቤት ተከራየን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሁሉ ነገር ያምራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰው ዓይኑን የሚገልጠው። ባለቤቴን ከሁሉ ያስደሰተው ሰዓቱ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። የእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ለእነሱም «ሳአ ሞጃ» ነው፤ ሞጃ አንድ ማለት ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ ፈረንጅ ሲያስተካክለው የኖረ ሰው እንዲህ ያለ አገር ሲያገኝ ደስታውን አስቡት። ስኳሩ ሱካሪ፣ ሳህኑ ሳሃኒ፣ ደሙ ዳሙ ነው። የግቢውን ዘበኛ አስካሪ ይሉታል፤ ያ ቃል በእኛ አገር አዛውንቶች ጆሮ ሌላ ትዝታ ስላለው ባለቤቴ ሊጠራበት አልፈለገም። እኔ ደግሞ «ሐኪም የት ነው?» ብዬ ስጠይቅ ሰውየው ግራ ገባው። ለካ ሃኪሙ በእነሱ ቋንቋ ዳኛ ነው።

በሁለተኛው ቀን አፓርታማውን ለማየት ሄድን። ሻጩ ትሑት ወጣት ነው፤ እኔን ማማ፣ ባለቤቴን ምዜ እያለ በአክብሮት አስጎበኘን። የሚሸጠው ሕንፃ ገና መዋቅሩ ብቻ ነው የቆመው። በቪዲዮ ያየነው ክፍል ለማሳያ የተሠራ ነው፤ ሁለቱ ወንበሮችም እዚያ ነበሩ። የእኛ የሚባለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ በንድፉ ላይ ተሥሏል፤ በቦታው ግን ቀዳዳው ብቻ ነው ያለው። ባለቤቴ የቀኝ ጉልበቱ ስለሚያመው ደረጃውን በማረፍ ወጣው፤ እኔም ቆጠርኩት፣ 54 ነው።

«ወደ ባሕሩ ሦስት ደቂቃ» የተባለውን ደግሞ በእግራችን ሞከርነው። በእኛ እርምጃ 17 ደቂቃ ወሰደ። ዋናውን አስፋልት መሻገር አለ፤ ከዚያ በሁለት ሆቴሎች መካከል በሚያልፍ ጠባብ መንገድ ነው ወደ አሸዋው የሚወረደው። ከአስፋልቱ በላይ ከዛፍ ወደ ዛፍ የተዘረጋ የገመድ መሰላል አየን። ለጉሬዛ ነው፤ መኪና እንዳይገጫቸው የተሠራላቸው መሻገሪያ። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየና «ለጦጣው ድልድይ ሠርተው ለሽማግሌው የእግረኛ መንገድ አልሠሩም» አለ። ሦስት ደቂቃው በሞተር ብስክሌት ይሆን እንደሆነ ሻጩን አልጠየቅሁትም፤ ልጅ ነው፣ ያሉትን ነው የሚለው።

ቤት ሊገዛ የሄደ ሰው ሻጩን ትቶ እዚያ የሚኖረውን ይጠይቅ። ከዚያው ግቢ ቀደም ብሎ ያለቀ ሌላ ሕንፃ አለ። በማግስቱ ብቻዬን ሄጄ ልብስ የምታሰጣ ሴት አየሁና ሰላም አልኳት። ጡረታ የወጣች የናይሮቢ መምህርት ነች። ነርስ መሆኔን ስነግራት ወዲያው የእግሯን እብጠት አሳየችኝ፤ ሻይ አቀረበች፤ ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችልኝ። ውኃው ከጉድጓድ የሚሳብ ነው፤ ጨውነት አለው። ሻዩን ስቀምሰው አመንኩ። የጋራ ወጪ የሚባለው ወርኃዊ ክፍያ፣ ለዘበኛ፣ ለፓምፕ፣ ለገንዳው ጽዳት የሚዋጣው፣ እሷ ከገባች ወዲህ ሁለት ጊዜ ጨምሯል። ባለቤቶቹ አብዛኞቹ ውጭ አገር ያሉ ስለሆኑ ስብሰባ ላይ የሚገኝ የለም። ቁም ሣጥኗን ከፍታ አሳየችኝ። ዘግታው አንድ ወር ናይሮቢ ሄዳ ስትመለስ ጫማዋና ቦርሳዋ ሻግተዋል። የመስኮቱ ማጠፊያ በጨዋማው አየር ዝጎ እጄ ላይ ዱቄት ሆነ። እኛ እንግዲህ ቤቱን የምንኖርበት በዓመት አንድ ወር ነው። አሥራ አንዱን ወር ማን ይከፍተዋል? ማን አየር ያስገባዋል? የአዲስ አበባ ቤት ተዘግቶ ቢከርም አቧራ ነው፤ የባሕር ዳርቻ ቤት ግን ተዘግቶ ሲከርም ይበሰብሳል።

በአራተኛው ቀን ባለቤቴ ታመመ።

ጠዋት ዳርቻው ላይ ቆይቶ መጣ፤ ምሳ አልበላም አለ። ወደ ማታ ሲነሣ ዞረበትና ግድግዳ ያዘ። ስለካው ግፊቱ 90 በ55 ነው፤ ልቡ ይፈጥናል፤ ቆዳው ይተኩሳል። የሞምባሳ ሙቀት ባላንጣ ሆኖ የመጣው ከአንድ ኪኒን ጋር ተባብሮ ነው። ባለቤቴ ለደም ግፊቱ ከሚወስዳቸው መድኃኒቶች አንዱ ሽንት የሚያበዛ ነው። አዲስ አበባ ላይ በልኩ የሚሠራው መድኃኒት ቀኑን ሙሉ በሚያልብ አገር ውኃውንና ጨውን ጨርሶበታል። ይህን ለ34 ዓመት ለሌሎች ስናገር ኖሬ ለገዛ ባሌ ሳልናገር መቅረቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ከደጋ ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት ሐኪሙን «መድኃኒቴ ይስተካከል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። በራሱ ፈቃድ ግን አያቋርጥ።

ሻጩ «ክሊኒክ አምስት ደቂቃ ነው» ብሎን ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በዝናብ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ታክሲ እስኪመጣ 25 ደቂቃ ቆየን፤ መንገዱ ደግሞ 15 ደቂቃ ወሰደ። የግል ክሊኒክ ነው። የተቀበለን ወጣት ሐኪም ጥሩ ልጅ ነው። ለወባ ጣቱን ወግቶ መረመረው። እኔ ወባ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ትንኝ ከነከሰችበት ቀን ጀምሮ ትኩሳቱ እስኪመጣ ቢያንስ ሳምንት ይፈጃል፣ እኛ ደግሞ ከመጣን አራት ቀናችን ነው። ቢሆንም ዝም አልኩት፤ በወባማ አገር ትኩሳት ያለበትን ሁሉ መመርመር ትክክል ነው። ነፃ ሆነ። ጉሉኮስ ተሰቀለለት፤ ሽንት የሚያበዛውን ኪኒን እስክንመለስ ድረስ ያዙለት፤ ሌሊቱን እዚያው አደርን። ነርሷ የእኔን ሙያ ስታውቅ ወንበር አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ስለ ደመወዝ አወራን፤ ያው ነው። ከባድ ነገር፣ የልብ ወይም የጭንቅላት ደም መፍሰስ ቢሆን ግን ወደ ሞምባሳ መሻገር እንደሚጠበቅብን ስትነግረኝ ጀልባው ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ወረቀቱ ቀረ። ሞምባሳ ወርጄ የራሳችንን ጠበቃ ያዝኩ። ሻጩ «የእኛ ጠበቃ ሁሉን ይጨርሳል» ብሎ ነበር። የሻጭ ጠበቃ የሻጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት በ65ኛው አንቀጽ የውጭ ዜጋ መሬት በሊዝ ብቻ እንዲይዝ ይደነግጋል፤ ዘመኑም ከ99 ዓመት አይበልጥም። ለእኛ ሰው ሊዝ እንግዳ አይደለም፤ 99 ቁጥሯንም እናውቃታለን። ጠበቃዋ ግን «የሚጠየቀው ስንት ዓመት ቀረው ነው» አለችኝ። መሬት መዝገብ ቤት ገብታ ስታጣራ 41 ዓመት ብቻ ነው የቀረው። የልጅ ልጄ 46 ዓመት ሲሞላት ማለት ነው። ለማደስ ማመልከት ይቻላል፤ ማመልከቻ ግን ማመልከቻ ነው። ሌላም ተገኘ። የሕንፃው መሬት በባንክ ዕዳ ተይዟል። ይህ ብርቅ አይደለም፤ አልሚዎች በብድር ነው የሚሠሩት። ነገር ግን ባንኩ ለእያንዳንዱ ገዢ በጽሑፍ ካልለቀቀ አንድ ቀን ገዢው ከፍሎ በጨረሰው ቤት ላይ ባለዕዳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ልጄ በዚያ ሳምንት ሊያስገባው የነበረው ገንዘብ በውሉ ላይ የማይመለስ ተብሎ ተጽፏል። ከዋጋው ሌላ የቴምብር ቀረጥ አለ፤ ከተማ ለሚባለው ክልል 4 በመቶ፣ ለገጠሩ 2 በመቶ። ገዢው የኬንያ የግብር ከፋይ ቁጥርም ማውጣት አለበት። በቪዲዮው ላይ አንዱም አልነበረም።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ቀላል ነበር። ግን ባለቤቴ ባሕሩን ወደደው።

የመንዝ ሰው ነው። ባሕር ያየው በ1964 ዓ.ም. ለሥራ ምጽዋ በተላከ ጊዜ ነው፤ ሁለት ሳምንት። ያችን ሁለት ሳምንት በትዳራችን ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልቆጥርም። ከክሊኒክ በወጣ በሦስተኛው ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቶ ለብሶ አገኘሁት። ተከተልኩት። ዲያኒ ወደ ምሥራቅ ነው የምታየው፤ ፀሐይ ከባሕሩ ውስጥ ነው የምትወጣው። በዚያ ሰዓት ውኃው ሸሽቶ ነበር። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ሲሸሽ በሩቁ እስካለው የድንጋይ አጥር ድረስ መሬቱ ይገለጣል፤ ዳርቻው ላይ የባሕር ሣር ተከምሯል፤ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። በቪዲዮው ላይ ይህ የለም፤ ቪዲዮ የሚነሣው ውኃው ሲሞላ ነው። ለእኔ ጉድለት ነበር፤ እሱ ግን የወደደው ይህን ነው። «ሄዶ ይመጣል» አለኝ። «ተመልከቺ፣ ሄዶ ይመጣል።»

የጠበቃዋን ነገር ስነግረው ተቆጣ። «አንቺ ሁሉን ነገር በሽተኛ ታደርጊዋለሽ» አለ። ቀኑን ሙሉ አላወራኝም። እኔም ክፉኛ ተሰማኝ፤ ምክንያቱም ትንሽ እውነት አለው። ዕድሜዬን ሙሉ የጎደለውን ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማታ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። የአፓርታማው ዋጋ 110 ሺህ ዶላር ነው። ያረፍንበትን ግቢ አሮጊቷ በደህናው ወቅት ለቤተሰብ ለአንድ ወር 1,200 ዶላር ታከራየዋለች። ሦስት መኝታ አለው፤ ምድር ላይ ነው፤ ደረጃ የለውም፤ ባሕሩ በግቢው በር ነው። አካፈለና ቁጥሩን አዞሮ አሳየኝ። 91 ጥር። ለዘበኛ፣ ለፓምፕና ለሻጋታ የሚከፈለውን ሳይጨምር። «እኔ ሃያውን ካገኘሁ ይበቃኛል» አለና ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፤ ታረቅን።

ልጃችን ስንነግረው መጀመሪያ ዝም አለ። ቤቱ ለእሱ ከቤትነት በላይ እንደሆነ አውቃለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት በሰው አገር ሠርቶ ለእናትና ለአባቱ ሊያሳይ የፈለገው ነገር ነበር። «ወንበሮቹስ?» አለኝ። አሮጊቷ ጋ አራት አሉ አልኩት። የዚያ ሳምንት ብቻ የተባለው ቅናሽ በሰኔም፣ በሐምሌም እንደገና ተልኮለታል፤ ያኔ ነው ልቡ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው። ቤት መግዛትን እርግፍ አድርጎ ትቶታል ማለቴ አይደለም። ሦስት ጥር እዚያ ተቀምጠን ካየን በኋላ፣ ምናልባትም አሮጊቷ ራሷ ልትሸጥ ካሰበች፣ እንነጋገራለን ብሏል። የእሷ ሊዝ ስንት ዓመት እንደቀረው ግን ከአሁኑ እንዲጠየቅ ጠበቃዋ ጋ ደውሏል። የእናቱ ልጅ ነው።

ከጥምቀት ማግስት እንሄዳለን፤ ሁላችንም። በዚያ ወር ነፋሱ ካስካዚ ይሉታል፣ ከሰሜን ምሥራቅ ነው የሚመጣው፤ ሙቀቱ ይበረታል እንጂ ዝናብ የለም። ባለቤቴ ከሐኪሙ ጋር መድኃኒቱን ተነጋግሯል፤ ኮቱን እንደማይዝም ቃል ገብቷል። እኔ ሰባት አጎበር ገዝቻለሁ። ለልጆች የወባ መከላከያ የሚታዘዘው በክብደት ስለሆነ ልጄን «የልጅቷን ኪሎ መዝነሽ ላኪልኝ» አልኳት። ትናንት ማታ ላከችልኝ፤ 18 ኪሎ። ባለፈው ያቀፍኳት ጊዜ 13 ነበረች።